በቀኝ በኩል ሦስተኛው ሽቦ

እሑድ፣ የካቲት 27 ቀን 2008፤ ዘወረደ

አምስት ዓመት ለማንም ያልተነፈስኩት ነገር አለ። በቀኝ በኩል ያለው ሦስተኛው ሽቦ የተበላ መሆኑን በዓይኔ አይቼ ሸፍኜዋለሁ። ሸፍኜም «ደህና ነው» ብዬ ፈርሜያለሁ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ፈርሜያለሁ።

ሲጻፍ እንዲህ አጭር መሆኑ ይገርማል።

ደብተሩን የገዛሁት የንስሐ አባቴ አባ ጢሞቴዎስ «በዚህ ጾም ኃጢአታችሁን እየጻፋችሁ ያዙ፤ ሰው ሲናዘዝ የሚረሳው የሚያፍርበትን ነው» ስላሉ ነው። እኔ የረሳሁት የለኝም። ቢሆንም ልጻፍ። ምናልባት አንድ ቀን ልጄ ፍናን ታነበው ይሆናል። ፊደሉን እናቷ አስተምራታለች፤ የመርከብ ነገር ግን ስለማታውቅ ላብራራው።

የምሠራው ሳን ፔድሮ ወደብ፣ ክላራ ሜይ የምትባል ባለ ሁለት ምሰሶ የድሮ ዓይነት የሸራ መርከብ ላይ ነው። ተማሪዎች እየጫነች ባሕር ታሳያለች። እኔ ገመዷንና ሽቦዋን እጠብቃለሁ። ሙያውን የተማርኩት ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ሳለሁ ነው። ምሰሶ ብቻውን አይቆምም። ከግራ አምስት፣ ከቀኝ አምስት ሽቦ ከላይ እስከ መርከቧ ጠርዝ ተወጥሮ ይይዘዋል። ነፋስ ከቀኝ ሲመጣ የቀኞቹ ይሸከማሉ፤ ከግራ ሲመጣ የግራዎቹ። የባሕር አየር እንዳያዝገው ሽቦው ቅባት ይጠጣል፤ በሸራ ቁራጭ ይጠቀለላል፤ በላዩ ሲባጎ ዙር በዙር እየጠበቀ ይጠመጠምበታል፤ በመጨረሻ ቅጥራን ይቀባል። ሲያልቅ ጥቁርና ለስላሳ ነው። ከዚያ በኋላ ውስጡን የሚያውቀው የጠቀለለው ሰው ብቻ ነው።

ነገሩ የሆነው የካቲት 18 ቀን 2003፣ ዓርብ ዕለት ነው። በማግሥቱ የባለቤቴ የቦሰና ተዝካር ነበር፤ አርባዋ። ዝናብ ይዘንባል። የትልቁን ምሰሶ የቀኝ ሦስተኛ ሽቦ ለማደስ የድሮውን ሽፋን ስፈታ ከግርጌው ትንሽ ከፍ ብሎ ሽቦው ከተገመደባቸው ሰባት ጉንጉኖች አንዱ ዝጎ ተበጣጥሶ አገኘሁት። ብናገር ሽቦው ይወርዳል፣ አዲስ ይሠራል፣ ቅዳሜን እዚያው እውላለሁ። ካህናት የጠራ ሰው ከተዝካሩ አይቀርም። እንደረጠበ ጠቀለልኩት። የሸራ ቁራጭም አልቆብኝ ነበር፤ በሌላ ጨርቅ ሞላሁት። ሰኞ እከፍተዋለሁ አልኩ።

ሰኞ ስደርስ ካፒቴን ዋልተር ሥራዬን ለእንግዶች እያሳየ ነበር። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ እንዲህ የሚጠቀልል ሰው በዚህ ባሕር ዳር አልቀረም አላቸው። ቢላዬን ወደ ኪሴ መለስኩት።

ያቺ ሰኞ እስከ ዛሬ አልመጣችም።


ማክሰኞ፣ የካቲት 29

ጠዋት እንደ ልማዴ ሽቦዎቹን በእጄ እየዳሰስኩ ዞርኩ። ሦስተኛው ጋ ትንሽ ቆየሁ። ሁልጊዜ እዚያ ጋ እጄን አሳርፋለሁ። ልምድ ነው፤ ሽቦ የሚመረመረው በእጅ ነው።

የሰሞኑ ዝናብ ገብቶበታል። ከግርጌው አንድ ቡናማ ጠብታ ወርዶ ነጩን ቀለም አበላሽቶታል። በጨርቅ ጠረግሁት። ቅጥራን ደረብኩበት። አስቤበት አይደለም፤ እጄ ነው የቀደመኝ።

ኖኅ መርከቡን ከውጭም ከውስጥም እንዲቀባ ለምን እንደታዘዘ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።


እሑድ፣ መጋቢት 4፤ ቅድስት

ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ሰርካዲስ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ኮሚቴ ወክለው ተነሡ። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ቅመማ ቅመም ቤት ያላቸው፣ ድምፃቸው ማይክ የማይፈልግ ሴት ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 29፣ ልጆቹ በመርከብ ሊሄዱ ነው አሉ። መርከቧ ክላራ ሜይ ናት። ያመቻቸችው ፍናን ናት፤ ልጆቹን የምታስተምረው እሷ ናት። ሰርፕራይዝ ልታደርገኝ ብላ ከካፒቴኑ ጋር በስልክ ጨርሳለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እትዬ ሰርካዲስ «ልጆቻችንን ለባዕድ እጅ አልሰጠንም፤ ምሰሶውን ወጥሮ የያዘው የገዛ ሰዋችን ነው» አሉ። ተጨበጨበ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ትሕትና መሰላቸው።

ወንዳፍራሽ ታክሲውን ጥግ ላይ ፓርክ አድርጎ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። የሃያ ዓመት ጓደኛዬ ነው፤ ሳያሾፍ ሰላም አይልም።

«እሺ ጋሽ ኖኅ፣ ስንት ጥንድ ጫንክ?»

ሠላሳ አንድ ልጅ አልኩት።

«ከቀይ ባሕር ጥይት ተርፈህ በሳን ፔድሮ ኩሬ ልትሰምጥ ነዋ» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ትንሽ ሳይረዝም አልቀረም፤ ዞር ብሎ አየኝ።

ሠላሳ አንድ ልጅ። ከፍናን ጋር ሠላሳ ሁለት ነፍስ።


ረቡዕ፣ መጋቢት 7

የኢንሹራንሱ መርማሪ መጣ። ከሽቦዎቹ አንዱን ከፍቼ ውስጡን ልይ አለ። በቀኝ በኩል ነው የቆመው። ሦስተኛው ላይ እጁን አሳረፈ። እኔ ቅጥራን የያዘውን ጣሳ ጨብጬ ቆሜያለሁ፤ ክፈተው፣ ክፈተው እያልኩ በልቤ፣ ደግሞ አትክፈተው እያልኩ።

ሰይፉ የሚለውን ስሜን «ሰይፍ» እያለ የሚጠራው ካፒቴን ዋልተር «ይሄ የሰይፍ ሥራ ነው። እኔ በዚህ ሰው እጅ አምኜ ነው የምተኛው። ከፈለግህ በግራ በኩል ሌላ ሰው የሠራውን ክፈት» አለው።

የግራው ተከፈተ። ንጹሕ ነበር። መልሼ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ።

እግዚአብሔር በር ከፍቶልኝ ነበር። የዘጋብኝ መልካም ስሜ ነው።


ሰኞ፣ መጋቢት 12

ከቀኝ ብርቱ ነፋስ። ከሰዓት በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይዘን ወጥተን ነበር። የወደቡን የማዕበል መከላከያ ግንብ አልፈን ስንታጠፍ መርከቧ ወደ ግራ ተጋደመች፤ የቀኞቹ ሽቦዎች ተወጠሩ።

ጧ አለ።

ትንሽ ድምፅ ናት። የክራር ክር ሲበጠስ እንደሚያሰማት፣ ግን በወፍራም ልብስ ውስጥ ታፍና። ካፒቴኑ ወደ ላይ አንጋጦ ምንድን ነው አለ። የሸራ ማንጠልጠያ ነው አልኩት። ውሸቱ ከአፌ ሲወጣ ምንም አልከበደኝም። ያስፈራኝ እሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ አልኩ። ባሕር ላይ ስንወጣ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የምቆመው፤ ከምሰሶው ርቄ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም።


እሑድ፣ መጋቢት 18፤ መጻጕዕ

ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋ ላይ የተኛው ሰው ወንጌል ተነበበ። ጌታ መጀመሪያ የጠየቀው መዳን ይፈልግ እንደሆነ ነው። ወትሮ ይህ ጥያቄ ይገርመኝ ነበር፤ በሽተኛ ይህ ይጠየቃል ወይ እያልኩ። ዛሬ አልገረመኝም።

ከቅዳሴ በኋላ አባ ጢሞቴዎስ ዘንድ ቀረብኩ። እንዲህ ነው ያልኩት፦ «አባ፣ በሥራዬ ላይ ያጓደልኩት ነገር አለ።» ተጸጽቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። ለሰባት ቀን አርባ አንድ አርባ አንድ ስግደት ሰጡኝ።

ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ነበር። ዝርዝሩን አላበዛሁባቸውም። ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውን ማድከምም ነው።


ሐሙስ፣ መጋቢት 22

ስግደቱን ይዣለሁ። ጉልበቴ አብጧል። ልቤ ግን ቀለል ብሎኝ ሰነበተ። ዛሬ ሽቦው ጋ ስደርስ ጠብታው ተመልሶ አገኘሁት። ለካ ሰግጄ ስነሣ ሽቦው የሚድን መስሎኝ ኖሯል። ሞኝ።

ማታ ፍናን ከሥራ መጣች። ሚራክል ማይል ሰፈር፣ የጥርስ ሐኪም ቢሮ ነው የምትሠራው። ልብሷን ሳትቀይር የእናቷን ሻንጣ ከፈተች። ለፋሲካ የእማዬን ነጠላ ነው የምለብሰው አለች። አውጥታ ሶፋው ላይ ዘረጋችው። በአንደኛው ጫፍ አረንጓዴ ጥለቱ አለ። ሌላኛው ጫፍ በቢላ ተቆርጧል።

«አባዬ፣ ይሄን ማነው ከት ያደረገው?»

አላውቅም፣ ድሮም እንዲያ ነበር አልኳት።

«አልነበረም። ፎቶዋ ላይ ሁለቱም ጫፍ አለው እኮ።»

መኪናዬን ሎክ ማድረጌን ልይ ብዬ ወጣሁ። ሎክ ነበር። እዚያው ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ። ነጠላውን አጣጥፋ መልሳዋለች። ደግማ አልጠየቀችኝም። በዝምታ እናቷን ነው የወጣችው።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 27

ችኩል ነኝ። ዋን ቴን አውራ ጎዳና ላይ መኪና ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ፤ አደጋ ነበር።

ዛሬ ሁለተኛዋ። ጧ። መርከቧ ታስራ ነው፤ ነፋስም የለም። ብቻዬን ምሳ ሰዓት እየጠበቅሁ ነበር፤ ማለቴ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን።

ታስራ እያለች።


እሑድ፣ ሚያዝያ 2፤ ገብር ኄር

የዛሬው ወንጌል ከጌታቸው አደራ ስለተቀበሉት ባሮች ነው። አንደኛው የተሰጠውን ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ሰባኪው ሰነፍ ነው አሉት። ለእኔ ሰነፍ አይመስለኝም። የፈራ ሰው ነው። ሲቆፍርና ሲደለድል መድከሙ አልቀረም።

ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ሰርካዲስን ለብቻ አነጋገርኳቸው። ከመርከቡ ይልቅ እዚያው ወደቡ አጠገብ ያለው ዓሣ ማሳያ ቤት ለሕፃናት ይሻላል አልኩ። ባሕሩ ያስታውካቸዋል አልኩ። ፀሐዩም አልኩ። እንደ ቀልድ ያዙት። «ሰይፉ፣ ዓይን አፋርነትህ ልክ አጣ። ልጆቹ ዓሣ ሊያዩ ነው የሚሄዱት? አንተን ሊያዩ ነው። የኔዎቹ ሁለቱ የልጅ ልጆች እንቅልፍ የላቸውም።»

ስንመለስ ድራይቭ የምታደርገው ፍናን ነበረች። ክሬንሾው መንገድ ላይ ቀይ መብራት ያዘን።

«አባዬ፣ እትዬ ሰርካዲስ ነገሩኝ። በኔ ታፍራለህ እንዴ? እዚያ እንድመጣ አትፈልግም?»

«ምን በወጣሽ አፍርብሻለሁ?»

«ሶ ምንድን ነው?»

አረንጓዴ በራ። ከኋላችን ጡሩምባ ነፉብን። ልጆቹን ወደ ኋላ በኩል አስቀምጫቸው፣ ከምሰሶው ራቅ አድርጊያቸው አልኳት። ለምን አለች። እዚያ ጥላ አለ አልኳት።

ከኋላ ጥላ የለም። ያን ቀን ስትመጣ ታየዋለች።


ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 8

ዛሬ ሥራ የለኝም። ቤት ዋልኩ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ይህን ደብተር ፊቴ ዘርግቼ ተቀምጫለሁ።

ብቻዬን ልጠግነው አስቤ ነበር። አይቻልም። ሽቦው ሲወርድ ምሰሶው በሌላ ገመድ መያዝ አለበት፤ ከላይ አንድ ሰው፣ ከታች ሁለት ሰው ይፈልጋል። አዲስ ሽቦ የሚታዘዘውም በካፒቴኑ ፊርማ ነው። ስለዚህ መንገዱ አንድ ነው፤ አፍ መክፈት። ይህን ለማወቅ አምስት ዓመት አልፈጀብኝም። ያኔም አውቀው ነበር።

እስካሁን ያገደኝ ይሉኝታ ነው ስል ኖሬያለሁ። ሥራውን ማጣት አያስፈራኝም። ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ዛሬ ነገ ጡረታ ነኝ። የሚያስፈራኝ ከቅዳሴ ስወጣ የሚያዩኝ ዓይን ነው። «የኛ ሰው» ያሉኝ አፎች ናቸው። ይህ እውነት ነው። ግን ግማሹ ነው።

ስለ ጨርቁ ልጻፍ። በመጀመሪያው ቀን «በሌላ ጨርቅ ሞላሁት» ብዬ አልፌዋለሁ።

የቦሰና ነጠላ ነው። ከሆስፒታል ባዶ እጄን ስወጣ አንዲት ነርስ በላስቲክ አድርጋ የሰጠችኝ። መኪናዬ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ላይ፣ አርባ ቀን ሙሉ ከእኔ ጋር ሄደ፣ መጣ። ዓርብ ዕለት ሸራው ሲያልቅብኝ መጋዘን ሄጄ ማምጣት እችል ነበር። መጋዘኑ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። የሄድኩት ወደ መኪናዬ ነው፤ መኪናዬ የወደቡ በር ጋ፣ በዝናብ ሩብ ሰዓት ነው። አንዱን ጫፍ ከነጥለቱ ቆረጥኩ። በተበላው ቦታ ላይ አዙሬ አዙሬ ጠቀለልኩት። ሲባጎውን የጠመጠምኩት እያንዳንዱን ዙር በሙሉ ጉልበቴ እየሳብኩ ነው። ካፒቴኑ ያደነቀው ያንን ነው። በዕድሜዬ እንደዚያ ያማረ አልሠራሁም።

ጥጥ ውሃ እንደሚጠጣ የማያውቅ የገመድ ሠራተኛ የለም።

ቦሰና ባሕር አትወድም ነበር። ምጽዋ በኖርንባቸው ዓመታት እግሯን እንኳ አልነከረችም። እዚህም ከመጣን አንድ ቀን መርከቧን ላሳይሽ ስላት «አንተን ከባሕር አውጥቶ የሰጠኝን አምላክ ደግሜ አልፈትነውም» አለችኝ። እኔ ደግሞ ወስጄ እዚያ አሰርኳት።

ነጠላው ሳይሆን ሽቦው ነው የሚያሳስበኝ ብዬ ልጽፍ ነበር። ተውኩት።


እሑድ፣ ሚያዝያ 16፤ ሆሳዕና

ዘንባባው ሲታደል ልጆቹ ከበቡኝ። እጄ ለገመድ የተሠራ ስለሆነ በየዓመቱ የዘንባባ ቀለበትና የራስ ማሰሪያ የምሠራላቸው እኔ ነኝ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሠራሁ። ከሃያ በኋላ መቁጠር ተውኩ።

የእትዬ ሰርካዲስ የልጅ ልጅ ትርሲት፣ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ቀለበቷን ጎተት ጎተት አድርጋ ሞከረችው።

«ጋሼ፣ አይፈታም?»

«አይፈታም።»

«ፕሮሚስ?»

ሌላ ጀመርኩ። አልሄደችም። አይፈታም አልኳት ደግሜ። መርከቡ ላይም አደርገዋለሁ ብላ ሮጠች።

እትዬ ሰርካዲስ አጠገባችን ላሉት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እጁን እዩት፤ ቦሰና ካረፈች ወዲህ እኮ የሚያወራው በእጁ ብቻ ነው» ሲሉ ሰማሁ።


ዓርብ፣ ሚያዝያ 21፤ ስቅለት

ቆሞ መዋል ነበር፤ ቆምኩ። ስግደቱም አልከበደኝም። ወደ ማምሻው ካህናቱ የወይራ ቅርንጫፋቸውን ይዘው ቆሙ፤ ሕዝቡ እየተሰለፈ ኃጢአቱን እየተናገረ በወይራው ቸብ ቸብ ተደርጎ የስግደት ቁጥሩን ተቀብሎ ይሄዳል። በአባ ጢሞቴዎስ ሰልፍ ገባሁ። ከኋላዬ ወንዳፍራሽ ነበር፤ አንገቴ ላይ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ቀድሞ ቢሆን ይህ ብቻ ይበቃኝ ነበር አጭር ለማድረግ።

ጎንበስ አልኩና በጆሯቸው ሁሉንም ነገርኳቸው። ሽቦውን፣ ፊርማውን፣ ልጆቹን። ነጠላውንም። ረጅም ነበር። ወይራውን ከፍ አድርገው እንደያዙ ሰሙኝ።

«ያ ሽቦ አሁን የት ነው?» አሉኝ።

«መርከቡ ላይ፣ አባ።»

ወይራውን ሳያሳርፉብኝ አወረዱት። ስንት ልስገድ አልኳቸው።

«ስግደት ሽቦ አይጠግንም። ሂድ።»

ቁጥር ሳልቀበል ከሰልፉ ወጣሁ። ወንዳፍራሽ የእሱን ጨርሶ ሲደርስብኝ ፊቴን አይቶ ሊል የነበረውን ቀልድ ዋጠው። ከአፉ ላይ ሲመለስ አየሁት። ቤቴ አድርሶኝ ሲያወርደኝ «ከፋሲካ በኋላ ቅዳሜ ትርሲትን ከነታላቋ የምወስዳቸው እኔ ነኝ፤ የምትነግረኝ ነገር ካለ ከዚያ በፊት ንገረኝ» አለ ብቻ።

አልነገርኩትም።


ሰኞ፣ ሚያዝያ 24

ክርስቶስ ተንሥቷል። ፍናን ትናንት የእናቷን ነጠላ ለበሰች፤ የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፋ።

ለካፒቴኑ ልነግረው ቆርጬ ሄድኩ። ለስብሰባ ዳውንታውን ሄዷል አሉኝ። ደስ አለኝ። መደሰቴን የምጽፈው ኋላ እንዳልክደው ነው።


ማክሰኞ

ካፒቴኑ ነበረ። ሰው አብሮት ነበር።


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 26

ሰው አልነበረም። ቢሮው በር ላይ ቆምኩ። ቀና ብሎ «ሰይፍ፣ ለቅዳሜ ሁሉ ዝግጁ ነው?» አለኝ። የልጆቹን ስም ዝርዝር በእጁ ይዟል፤ ከላይ የፍናን ስም። ዝግጁ ነው አልኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አዎ ዝግጁ ነው አልኩት።

ከዚያ ወደብ ዳር ቆሜ መርከቧን ከሩቅ አየኋት። ምሰሶዋ አንድ ጣት ያህል ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። ሌላ ሰው አያየውም። ቅዳሜ ነፋሱ ከምዕራብ ነው ይላል ትንበያው። ስንወጣ በቀኛችን በኩል ነው የሚመጣው።

 


ሐሙስ፣ ሚያዝያ 27



ፍናን ከሥራ ፈቃድ ወስዳ አምስት ሰዓት ላይ መጣች። የሕይወት ጃኬቶቹን ልትቆጥርና ለትንንሾቹ ይሆኑ እንደሆነ ልታይ ነው። ካፒቴን ዋልተር እየዞረ አሳያት። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ገመድ እጠቀልላለሁ። ነጠላውን እንደ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠምጥማዋለች። ምሰሶው ጋ ሲደርሱ ነፋሱ በረታባትና ሚዛኗን ልትጠብቅ እጇን ዘርግታ የቀረባትን ያዘች።

ሦስተኛውን ያዘች። እኔ በየጠዋቱ እጄን የማሳርፍበት ቦታ ላይ። ተደገፈችውና ለካፒቴኑ አንድ ነገር ብላው ሳቁ።

ጧ አለ።

አልሰሙትም። እጇን አላነሣችም።

ተነሥቼ ሄድኩ። እጅሽን አንሺልኝ ልጄ አልኳት። አነሣች። ቢላዬን አወጣሁ። ካፒቴኑ ሰይፍ ምን ልታደርግ ነው አለ። አልመለስኩለትም፤ አፌን ከከፈትኩ ሌላ ውሸት የሚወጣ መሰለኝ። ከግርጌው ጀምሬ ወደ ላይ፣ እስከ ደረቴ ድረስ፣ ሽፋኑን ሰነጠቅሁት። ያ ሁሉ ያማረ ሲባጎ ተዘረገፈ። ጥቁር ውሃ በእጅጌዬ ገባ። ከውሃው ኋላ ጨርቁ መጣ። ነጭ የነበረው ዝገት ሆኗል። ከጥለቱ ግን አንድ ስንዝር ያህል አረንጓዴው አለ።

ፍናን ከአንገቷ ላይ የተቆረጠውን ጫፍ ፈልጋ አወጣች። አየችው። ከዚያ በእጄ ያለውን አየች። ሰጠኋት፤ በሁለት እጇ ተቀበለችው።

በወስፌው ሽቦውን ነካሁት። ገባ። ከሰባቱ ጉንጉን የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሳልሰማው ተበጥሷል። በእንግሊዝኛ ነው የተናገርኩት፤ እዚህ በአማርኛ ልጻፈው፦ «አምስት ዓመት አውቃለሁ። አይቼ የሸፈንኩት እኔ ነኝ። የፈረምኩት ሁሉ ውሸት ነው። ይህች መርከብ ቅዳሜ ልጅ ይዛ አትውጣ።»

ካፒቴኑ ሽቦውን በጣቱ እየነካካ ብዙ ቆየ። ሰደበኝ ማለት አልችልም። የመጋዘኑን ቁልፍ እንድሰጠው እጁን ዘረጋ፤ ሰጠሁት። ፍናን ለእትዬ ሰርካዲስ ደወለች። ቅዳሜ ቀርቷል ስትላቸው «ለምን ሲባል?» ያሉት ከስልኩ ውጭ ተሰማ። ፍናን ወደ እኔ አየች። ስልኩን ተቀብዬ እኔው ነገርኳቸው። ስጨርስ ይሁን ሳልጨርስ አላውቅም፣ ስልኩ ተዘጋ።

ካፒቴኑና የመርከቧ ሠራተኞች ምሰሶውን በሌላ ገመድ ካስያዙ በኋላ የሽቦ መቁረጫውን ለመንኩ። ካፒቴኑ አመነታ። ፍናን ናት ከመሣሪያ ሣጥኑ አንሥታ ያቀበለችኝ። ማንም፣ እኔም ብሆን፣ ዳግመኛ እንዳይጠቀልለው የቀሩትን ሁለቱን ጉንጉኖች ቆረጥኳቸው።